በኋላ የተጨመረው ሕፃን

ልጄ ልዕልት የሞተችው በተወለደች በሃምሳ ሰባተኛ ቀኗ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ጎደላት ማለት ነው። እንግዲህ በዚህች ሃያ ሦስት ቀን የተነሳ ነው ከቀሲስ አስራት ጋር የተጣላነው፤ የፍራንክፈርት ሐበሻም እስከ ዛሬ «ያቺ ከቄስ ጋር አፍ የተካፈተችው እታለም» እያለ የሚያነሳኝ። ተካፍቻለሁ፤ አልክድም። ግን ነገሩ ከየት እንደ ጀመረ የሚያወራ ስለሌለ እኔው ልናገረው።

ልዕልት ስትወለድ ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረባት። ሐኪሞቹ ትንሽ ኪሎ ከጨመረች በኋላ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል ብለውን ነበር። በፈረንጆቹ 2013 ሚያዝያ ላይ ጉንፋን ያዛትና ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያ ተመልሳ አልወጣችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ እኔንና ባሌን ይልማን ቁጭ አድርጎ ተስፋ እንደሌላት ነገረን። እሱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የሆስፒታሉ ቄስ መጣች። ሴት ናት፤ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጂንስ የለበሰች። ልጅቷ ተጠምቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልተጠመቀችም አልኳት። ከፈለግሽ አሁኑኑ ላጠምቃት እችላለሁ አለችኝ። ኖትታውፈ ይሉታል፤ ለሞት የቀረበ ሕፃን በማንኛውም ክርስቲያን እጅ ይጠመቃል ማለት ነው። ውሃውን በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ፣ ትንሽ ፎጣ ክንዷ ላይ አድርጋ ነበር የመጣችው።

ለቀሲስ አስራት ደወልኩ። እሳቸው ያን ቀን ሽቱትጋርት ላሉት ምእመናን ሊቀድሱ ሄደው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰማንያዋ አልሞላም፣ በመናፍቅ እጅ የሚሆን ጥምቀት ደግሞ ጥምቀት አይባልም፣ ነገ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ፣ የሚያስፈራ ከሆነ ያን ጊዜ እኔው አጠምቃታለሁ፣ እስከዚያ ጸልዪ አሉኝ። እኔም ታዘዝኩ። ቄስ ያለኝን እያደረግኩ ነው ያደግኩት። ሴትዮዋን «ናይን፣ ዳንከ»፣ አይ አመሰግናለሁ፣ አልኳት። ቅር አላላትም። ፎጣውን ሳህኑ ላይ ጣል አድርጋ፣ ውሃው እንዳይፈስባት በዝግታ እየተራመደች ወጣች። ቀሲስ በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ልዕልት አንድ ሰዓት ላይ ሄዳለች።

ያልተጠመቀ አይፈታም፤ ፍትሐት የለውም። ሰፈራችን ኒድ ባለው መቃብር ስንቀብራት ቀሲስ ያለ ካባ፣ ያለ መስቀል፣ በጃኬታቸው መጡና ከሰው ኋላ ቆሙ። ሳጥኗን ያወረደው ጀርመናዊ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ሲል የኛ ቄስ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነበር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለው ሄዱ። እኔ ደግሞ አራስ ነኝና ሰማንያዬ እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም ነበር። ልጅ ሳይኖረኝ የልጅ ቀን ቆጠርኩ። ሲሞላ ገብቼ ከሴቶቹ መጨረሻ ቆምኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ይልማ አየር ማረፊያ የጭነት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ድሮም ዝምተኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስሟን በአፉ ጠርቶት አያውቅም። «እሷ» ነው የሚላት።

እኔ ማይን ወንዝ ዳር ያለ አንድ ሙዚየም አጸዳለሁ። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጎብኚ ሳይገባ። ሥዕል ብዙም አይገባኝም ነበር። ለእኔ ሥዕል ማለት እንዳትነኪው የሚባል፣ እኔ ግን ከሥሩ ያለውን ወለል የምወለውልለት ነገር ነው። በተከታዩ ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ የድሮ ኅትመቶች ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ብዙዎቹ ከመጽሐፍ ገጽ አይበልጡም። ትንንሽ ስለሆኑ ሰው መስታወቱ ላይ አፍንጫውን እየለጠፈ ነው የሚያያቸው፤ ለእኔ ትርፉ ሥራ ነው።

አንዱን መስታወት ስጠርግ ነው ያየሁት። የተሰበረ በር አለ፤ ሳንቃው መሬት ላይ ወድቆ ምስማሩ ተነቅሏል። ከበሩ ሥር የጨለመ ጉድጓድ አለ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ጉድጓዱ ሰዷል። ሰውየው በጎኑ ነው የሚታየው፤ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው። ባለ አንድ ዓይን ከሆነ ሰይጣን ነው፣ ወይ ይሁዳ ነው፣ ወይ ጌታን የሚገርፍ ወታደር ነው። ስለዚህ ሰይጣን ሰው ወደ ሲኦል ሲጎትት ነው ብዬ አማተብኩና ጠርጌው አለፍኩ። በማግስቱ ስመለስ ግን እጁን አየሁት። የምስማር ቀዳዳ አለበት። ደግሞ የያዘውን ሰው እያስገባ አይደለም፣ እያወጣ ነው።

ለካ ጌታ ነው። ከኋላው አዳም መስቀሉን ተሸክሞ ቆሟል፣ ሔዋን አለች። አንድ ጺማም ሽማግሌ እስከ ወገቡ ከጉድጓዱ ወጥቷል፤ ጌታ የያዘው መዳፉን ሳይሆን የእጁን አንጓ ነው፣ ጎርፍ የሚወስደውን ሰው እንደሚይዙት። በሩ አናት ላይ ሰይጣኖች ቀንድ ይነፋሉ። ከሽማግሌው ሥር ደግሞ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ አንድ ሕፃን አለ። የሚታየው ከአገጩ በላይ ብቻ ነው፤ ሁለት ትንንሽ እጆቹን የድንጋዩ ጠርዝ ላይ አሳርፏል። የያዘው የለም። ወደ ጌታ አንጋጦ ተራውን ይጠብቃል። ጨርቄን እንደያዝኩ እዚያው ፊቱ ቆሜ ቀረሁ።

አብራኝ የምታጸዳው ሁስኒያ መጥታ ምን ሆነሽ አለችኝ። የወሎ ልጅ ናት፤ እሷም እንደ እኔ ሕፃን የሞተባት ናት። ሕፃኑን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችውና በእኛ ዘንድ ሕፃን ምንም አይጠየቅም፣ በቀጥታ ጀነት ነው የሚገባው፣ የእናቱንም እጅ ይዞ ያስገባታል ይባላል አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ነው ያለችው፤ እኔ ግን ቀናሁባት። በአንድ ከተማ፣ አንድ ዓይነት መጥረጊያ ይዘን፣ የእሷ ሟች እጇን ይዞ የሚያስገባት፣ የኔዋ ደጅ የምትቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ፤ ባሰብኩት ቁጥርም ተናደድኩ።

ከሥዕሉ ጎን ባለው ወረቀት ላይ «ክሪስቱስ ኢን ደር ፎርሆለ» ይላል። ፎርሆለ የሲኦል ደጅ እንደ ማለት ነው። የሠራው የኢጣልያ ሰው ነው፣ ስሙ አይታወቅም፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው ይላል። ሙዚየሙ ውስጥ ፍራው ሊንድነር የምትባል ሴት አለች፤ ሥራዋ የተቀደደና የሻገተ ኅትመት መጠገን ነው፣ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድማ ነው የምትገባው። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን አስቆምኳትና ይህ ሕፃን ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት።

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ ከዚያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ በደንብ አስረዳችኝ። በዚያ ዘመን በእነሱ አገር፣ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በሲኦል ደጅ ይኖራሉ፣ አይሠቃዩም ግን አይወጡም ይባል ነበር። የሃይማኖት ሊቆቻቸው ሳይቀሩ፣ ጌታ ሲወርድ የድሮ አባቶችን አወጣ እንጂ ሕፃናቱን አላወጣም ብለው ጽፈዋል። ታዲያ ይኼኛው እዚህ ምን ያደርጋል አልኳት። ነይ ብላ ወደ ቢሮዋ ወሰደችኝ።

እዚያ የነገረችኝ ነገር ነው ሁሉን ያመጣው። ሥዕሉ በብሩሽ የተሳለ አይደለም። የመዳብ ሰሌዳ ላይ በስለት እየተጫረ ይቀረጻል፣ ቀለም ይገባበታል፣ ወረቀት ይጫንበታል፤ ከአንድ መዳብ ብዙ ወረቀት ይወጣል። ከዚሁ መዳብ ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ ወረቀት በሌላ አገር ሙዚየም ይገኛል። ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችልኝ። በሩ ያው ነው፣ ጌታ ያው ነው፣ ሽማግሌውም ያው ነው። ሕፃኑ ግን የለም። ቦታው ላይ ያለው ባዶ ድንጋይ ነው።

«ሥራውን ጨርሶ፣ አትሞ፣ ሸጧል» አለችኝ። «ከዚያ መዳቡን እንደገና አወጣና ድንጋዩን ፍቆ ሕፃኑን ጨመረ። መዳብ መፋቅ ቀላል አይደለም፣ ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። በስህተት የሚሆን ነገር አይደለም። ለምን እንዳደረገው ግን የሚያውቅ የለም።»

እኔ አውቃለሁ። ቤቱ ምን ሐዘን እንደ ገባ አውቃለሁ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ሁለቱንም ሥዕሎች አትሚልኝ አልኳት፤ አትማ ሰጠችኝ፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችኝም። ያን ቀን በትራም ወደ ቤቴ ስመለስ ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ሳይ አንድ ፌርማታ አለፈኝ።

አሁን ምን እንደፈለግኩ ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ቦርንሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጀርመኖች የተከራየነው አዳራሽ ነው። እዚያ ያወጣነው የራሳችን ልማድ አለ። ስደተኛ አገር ቤት ዘመዱ ሲሞት አይቀብርም፤ እዚህ የሚሞተውም ብዙ ጊዜ አስከሬኑ ወደ አገር ይሄድና መቃብሩ ከእኛ ይርቃል። ስለዚህ በየዓመቱ ቅዳም ሹር፣ ጌታ በሲኦል ያሉትን ነፃ ባወጣበት ቀን፣ ቄጤማ ከታደለ በኋላ ቀሲስ አስራት በዓመቱ የሞቱብንን ሰዎች ስም ከወረቀት ላይ ያነባሉ። እያንዳንዱ ሰው የሟቹን የክርስትና ስም አስቀድሞ ያስመዘግባል። እኔ የፈለግኩት የልጄ ስም እዚያ ወረቀት ላይ እንዲገባ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ሁለቱን ሥዕሎች ይዤ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቀሲስ ሄድኩ። ቀሲስ አስራት ስድሳ ያለፋቸው፣ ጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ስደተኛ ሁሉ ቴርሚን የሚሉት ቀጠሮ ሲኖረው አብረውት ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩ፣ ለታመመ ሰው ሾርባ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ይህን የምናገረው ላማቸው እንዳልተነሳሁ እንድታውቁልኝ ነው። ሥዕሉን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩትና መልሰው ሰጡኝ። ባለ አንድ ዓይን ክርስቶስ አይቼ አላውቅም፣ ፈረንጅ እንዳሻው ይስላል አሉኝ።

«ሌላኛው ዓይኑም አለ» አልኳቸው። «እሱ የሚታየው ጉድጓዱ ውስጥ ላሉት ነው።»

ቀጥለው ሕጉን አስረዱኝ። ሕጉ የእሳቸው አይደለም። ከውሃና ከመንፈስ ያልተወለደ ስሙ ከምእመናን ጋር አይነሳም፤ የክርስትና ስም ከሌላት ደግሞ በምን ስም ይጥሯት? እኔም አዳምን ማን አጠመቀው ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ ለማዘጋጀት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እሳቸው ግን ሳያስቡበት ነው የመለሱልኝ። ከጌታ ጎን የፈሰሰው ውሃና ደም ጎልጎታ ላይ ወርዶ አዳምን አጠመቀው አሉ። ጎበዝ ተማሪ ያገኙ መስሏቸው ፊታቸው ሁሉ በራ።

«እንግዲያው ውሃው ነው ወደ አዳም የሄደው፣ አባታችን» አልኳቸው። «ለልጄም ውሃ መጥቶላት ነበር። በነጭ ሳህን። የመለስኩት እኔ ነኝ። ያስመለሱኝ እርስዎ ነዎት።»

እንዲህ ፊት ለፊት እናገራለሁ ብዬ አልነበረም የሄድኩት፤ አፌ ቀደመኝ። ከተናገርኩ ወዲያ ግን አላቆምኩም። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ይዤ፣ ይህ ሰው ጨርሶ የሸጠውን ሥራ እንደገና ከፍቶ፣ መዳብ ፍቆ ሕፃን ጨምሯል፣ እርስዎ ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር አቃተዎት አልኳቸው። ወረቀቶቹን ከእጄ ወስደው አጣጠፏቸው፣ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ስሟን አልጠራም» ብለው መጋረጃው ውስጥ ገቡ።

ቤት ገብቼ ለይልማ ስነግረው ሥዕሉን እንኳ ዘርግቶ አላየውም። ሰው ምን ይላል አለኝ። እሷ እንደሆነች ሄዳለች፣ ቆመን ያለነውን መጠቋቆሚያ አታድርጊን አለኝ። እኔም በዓመቱ ውስጥ ዋጥ አድርጌ የያዝኩትን ነገር አወጣሁት። ወደ ሽቱትጋርት ስደውል አጠገቤ ነበርክ፣ «እሺ በያቸው» ያልከኝ አንተ ነህ አልኩት። ክፉ ንግግር ነው፤ ውሸት ግን የለበትም። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ፤ ሥራ ለመግባት ገና ሦስት ሰዓት ይቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ስቅለት ድረስ በአንድ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው ስለ ቁልፍና ስለ ልብስ ማጠቢያ ብቻ ሆነ።

ዞሰንሃይም አረጋውያን ማቆያ የምትሠራው ጓደኛዬ ሙሉ ደግሞ ሌላ መላ አመጣችልኝ። ማይንትዝ ከተማ ሌላ ቄስ አሉ፣ እሳቸው ለስለስ ያሉ ናቸው፣ እዚያ ሄደሽ አስጠሪ፣ ምን አጨቃጨቀሽ አለችኝ። አልሄድም አልኳት። ልጄ እዚህ ነው የተከለከለችው፤ የተከለከለችበት ቦታ ነው መጠራት ያለባት። ጌታም እኮ በሩ ሲዘጋበት ሌላ በር ፍለጋ አልዞረም፣ ያንኑ ሰበረው። ሙሉ ዓይኗን አንከራተተች። የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ የተወችው መሰለኝ፤ አልጠየቅኳትም።

ለቅዳም ሹር ቄጤማውን የማመጣው በየዓመቱ እኔ ነኝ። ኒድ ነው የምኖረውና ከኒዳ ወንዝ ዳር ቄጤማ የሚመስለውን ሣር አጭዳለሁ፤ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ጀርመኖች ለጥንቸል ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። በዚያ ዓመት ቂም ይዛለች፣ አታመጣም ተብሎ ተወርቶ ነበር። አመጣሁ። ሁለት ትልልቅ ከረጢት ሞልቼ በኤስባን ባቡር ተሸክሜ ሄድኩ። አንደኛ፣ አስቀረችብን እንዲሉኝ አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ቄጤማ የሚያስረክብ ሰው እስከ ፊት ድረስ መሄድ አለበት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ በሊቢያና በባሕር አድርገው የመጡ ወጣቶች በዝተው ነበር፤ ከስደተኛ ካምፕ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ኤርትራውያንም አሉባቸው። ቄጤማው ተባርኮ ታደለ፣ ሰው ሁሉ በግንባሩ አሰረ። እኔ ካስረከብኩ በኋላ ወደ ሴቶቹ አልተመለስኩም፤ ግድግዳውን ተደግፌ እዚያው ፊት ቆምኩ። ቀሲስ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል። በእያንዳንዱ ስም ሕዝቡ ነፍስ ይማር ይላል። አስራ ዘጠኝ ስም ነበር። የመጨረሻውን ጨርሰው ወረቀቱን ሲያጥፉ፣

«ልዕልት ይልማ» አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ነፍስ ይማር ያለ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ሳሉ። ቀሲስ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ የደከመው ሰው ነው የሚመስሉት። «እታለም፣ ወደ ቦታሽ ተመለሽ» አሉኝ በዝግታ። ፈርቻለሁ፤ ፈርቼም ግን አልሄድኩም። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሀይለየሱስ ክንዴን ይዞ ሊያስወጣኝ መጣ። እጅህን ሰብስብ አልኩት። ሰበሰበ። እንደገና «ልዕልት ይልማ» አልኩ።

ያን ጊዜ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው «ልዕልት ይልማ» አለ። ዞሬ አላየሁም። የማን ድምፅ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ መሃል ላይ ቢሰበርም ዓመት ሙሉ ያልጠራውን ስም እስከ መጨረሻው ጠርቶታል። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልጠረግኩትም።

ሀይለየሱስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከሴቶቹ መሃል ሙሉ «ምንያህል» ብላ ስም ጠራች። ሙሉን ለአሥር ዓመት አውቃታለሁ፤ ልጅ ወልዳ እንደነበር አላውቅም ነበር። ከእሷ ጎን የነበሩ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አቤ፣ የመጀመሪያዬ» አሉ። ከኋላ ደግሞ ሌላ ስም መጣ፣ ከዚያ ሌላ፤ አንዱ አንዱን ስለሚሸፍነው አይለይም። እኔ አንድ ስም ነበር ይዤ የመጣሁት።

ቀሲስ አስራት እጃቸውን አነሱ። ሊያስቆሙን ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሳቸው ግን ያጠፉትን ወረቀት መልሰው ዘረጉ፣ በጀርባው ገለበጡት፣ ከቀሚሳቸው ኪስ እስክሪብቶ አወጡ። ማንም ሳይነግራቸው መጀመሪያ የጻፉት «ልዕልት» ብለው ነው፤ ቅርብ ስለነበርኩ አይቻለሁ።

«ባንዴ አትጩኹ» አሉ። «ይህ ፍትሐት አይደለም፣ ፍትሐት አላደርስም። ስም ነው የምጽፈው። የሚጠይቅ ጳጳስ ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው ይባል። ያለፈው ዓመቱም የእኔ ነው።»

ሴቶቹ ወደ ፊት መጡና ተሰለፉ። ሙሉ ተናገረች፣ አሮጊቷም ተናገሩ፤ ቀሲስ ይጽፋሉ፣ ስሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠራሉ፣ ሕዝቡ ነፍስ ይማር ይላል። ቀጥላ የቆመችው ኣበባ የምትባል ኤርትራዊት ናት፤ ገና ሃያ የሚሆናት፣ ከመጣች ሁለት ወር ያልሞላት። የለበሰችው ጃኬት የወንድ ነው፣ እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗል።

«ወንድ ነው» አለች። «ሊቢያ ነው የወለድኩት። አራት ቀን ቆየ።»

ቀሲስ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስደግፈው ጠበቁ። «ስሙስ?» አሏት።

«ስም ገና አላወጣሁለትም ነበር።»

ወረቀቱን ትንሽ ቆይተው አዩት። ከዚያ ጻፉ፣ የጻፉትንም ጮክ ብለው አነበቡት፤ «የኣበባ ልጅ፣ ወንድ።» መጀመሪያ ነፍስ ይማር ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ ሕዝቡ ተከተላቸው። ልጅቷ መሄድ እንዳለባት አላወቀችም፣ እዚያው ቆመች፤ ሙሉ እጇን ይዛ ወደ ጎን አደረገቻት። ቀሲስ ከወረቀቱ ቀና አላሉም።

«ቀጥሎ» አሉ።